ጋሽ ይመር ያልጨረሱት መልስ

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የነገረችኝ የማላውቃት ሴት ናት። ከፎርት ወርዝ ነው የምደውለው፣ መጋዘን ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር አለች። ሰኞ ጠዋት ሣጥን ላይ ወረቀት ሲለጥፉ ቆይተው ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ አምቡላንሱ ሳይደርስ አለፉ። ልብስ በሚያስቀምጡበት ሎከር ውስጥ ከአንድ ስልክ ቁጥር በቀር የሰው አድራሻ አልተገኘም። ቁጥሩ የኔ ነበር። ወንድሙ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት። በዕድሜ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንበላለጣለን፤ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። ግን ከኔ ሌላ «ነኝ» የሚል ሰው እንደማይገኝ አውቅ ነበር።

ዕቃቸውን ልወስድ ስሄድ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ሰጠችኝ። ውስጡ የሻይ ፔርሙስ፣ ባለ መስመር ደብተር፣ መነጽር፣ እና መኪና ሲቆም በፊት መስታወቱ ላይ ለፀሐይ የሚጋረድ ብርማ ካርቶን ነበር፤ ተጣጥፎ በላስቲክ ታስሯል። ጋሽ ይመር ከሁለት ዓመት ወዲህ መኪና አልነበራቸውም። ሥራ የሚመላለሱት በአውቶቡስ ነበር። ሴትየዋ ካርቶኑን አየችና ምን ያደርግላቸው ነበር አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዋሸኋት።

የተዋወቅነው ዳላስ ኤርፖርት ታክሲ ስንነዳ ነው። ታክሲዎች ተሳፋሪ ለመጫን ወደ ተርሚናሉ ከመሄዳቸው በፊት የሚጠብቁበት፣ አንድም ዛፍ የሌለበት ሰፊ አስፋልት አለ፤ እኛ ሎት እንለዋለን። በመስመር በመስመር ተሰልፈን እንቆማለን። ከፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የመስመርህ ቁጥር ሲበራ መስመሩ በሙሉ ተነስቶ ይሄዳል። ያልተነሳ ተራው ያልፈዋል። ቁጥሩ እስኪበራ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ይጠበቃል፤ በዚያ ሦስት ሰዓት ሰው ካርታ ይጫወታል፣ ይሰግዳል፣ ይተኛል፣ ይጨቃጨቃል። እኔ ግጥም እጽፍ ነበር። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ደረሰኝ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ፣ ያልጣመኝን እየቀደድኩ ነው የለመድኩት። ከቃል በቀር ሌላ የሚያስቀምጠኝ ነገር አልነበረም። ወደ ጋሽ ይመር መኪና የሳበኝም ቃል ነው።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲሄዱ ራሳቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብሉታል፤ ከጎናቸው አጠር ያለ ሰው አብሯቸው እየሄደ የሚያዳምጡት ይመስላል። ሚስታቸው ሱዳን ስደት ላይ ሳሉ ሞታባቸዋለች፤ ልጅ አልወለዱም። ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ደረሳ ነበሩ፤ ከሸህ ወደ ሸህ እየዞሩ ኪታብ እየቀሩ ከሚማሩት አንዱ። እሳቸው የተማሩት ደግሞ መንጢቅ የሚባለውን፣ የክርክርና የማስረጃ ትምህርት ነው። ያስተማሯቸው አንድ ዓይነ ስውር ሸህ ናቸው። ዝናቡ የቀረበት ዓመት መጥቶ ተማሪው ሲበተን፣ ጋሽ ይመር የማስተማር ፈቃዱን ሳይቀበሉ ወጡ። ስለዚህ ሰው ሸህ ብሎ ሲጠራቸው ይቆጡ ነበር። «ሸህ አይደለሁም። ሳልጨርስ የወጣሁ ሹፌር ነኝ» ይላሉ።

የዓይነ ስውሩ ሸህ ሕግ አንድ ነበር። የተቃዋሚህን ሐሳብ ተቃዋሚህ ራሱ ከሚናገረው አሳምረህ ሳትናገር የራስህን ለመናገር አፍህን አትከፍትም። ደረሳው የተቃዋሚውን ሐሳብ ሲናገር ከሸሁ በስተግራ ይቀመጣል፤ የራሱን መልስ ሲጀምር ተነስቶ በስተቀኝ ይቀመጣል። ሸሁ ማን እየተናገረ እንደሆነ በድምፁ አቅጣጫ ያውቃሉ። ጋሽ ይመር ታክሲ ውስጥ የሚነሱበትና የሚቀመጡበት ቦታ ስላልነበራቸው በመነጽራቸው ተኩት። የሌላውን ሐሳብ ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ የራሳቸውን ሲጀምሩ መልሰው ያደርጉታል። ይህን ለማንም አልነገሩም። እኔ ስለማፈጥባቸው ነው ያወቅሁት። ስጠይቃቸው ሳቁና «ዓይን አለህ» አሉኝ።

ተካ የሚባል ጎንደሬ ሹፌር ነበር፤ ካልተተናኮለ ቀኑ የማይመሽለት። አንድ ቀን ስለ ሥላሴ ምን ይላሉ ብሎ ሊያደርቃቸው መጣ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አወለቁና የተካን ሃይማኖት ለተካ ያስረዱት ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ ፀሐይን፣ ብርሃኗንና ሙቀቷን እየጠሩ፣ በእርጋታ፣ በአክብሮት። ተካ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ተምሬ እንዲህ የገለጸልኝ የለም» አለ።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አደረጉ። «ኦኬ። አሁን የኔን ልበል?»

«ይቅርብዎ። እዚሁ ላይ ብናቆም ይሻለኛል።»

ሎቱ በሳቅ ተነሳ። ጋሽ ይመርም አብረው ሳቁ። ያን ጊዜ ግማሹን ሰምቶ መሄድ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ከሁሉ የሚወዱት ግን ከስምንት መቶ እስከ አንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩትን፣ አእምሮንና እምነትን ለማስታረቅ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን የእስልምና ሊቃውንት ማውራት ነበር። በስማቸው አይጠሯቸውም። ሎቱ ላይ ሰው የሚታወቀው በሥራው ወይም በመጣበት አገር ስለሆነ እነሱንም እንደ ሹፌር ነበር የሚጠሯቸው። ሐኪሙ አለ፤ ከቡኻራ። መምህሩ አለ፤ ከባግዳድ። ዳኛው አለ፤ ከኮርዶባ። ሐኪሙ ሰው በአእምሮው እየተመራ ፈጣሪው ደጅ ድረስ መድረስ ይችላል ይላል። መምህሩ አእምሮ ልጓሙ ከተለቀቀ እምነትን ይበላል ብሎ ፈርቶ ሐኪሙን ይሞግታል። ዳኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣና ፈጣሪ የሰጠን አእምሮ ፈጣሪ ከሰጠን ቃል ጋር ሊጣላ አይችልም፤ የተጣሉ ከመሰለህ አንዱን በትክክል አላነበብክም ብሎ ለመምህሩ ይመልሳል። ጋሽ ይመር ሲያወሩ ሦስቱ ከኛ መስመር ሁለት መኪና ቀድመው የቆሙ ይመስሉ ነበር። መምህሩ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቆሞ ምላሱ እምቢ አለው፤ መናገር አቃተው፤ ማዕረጉንም ተማሪዎቹንም ጥሎ ሄደ። ዳኛው በስተርጅና መጻሕፍቱ ተቃጠሉበት። ጋሽ ይመር ይህን ሲናገሩ ትናንት የደረሰ አደጋ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

መምህሩ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ግን እየሳቁ ነበር የሚነግሩን። ሐኪሙንና ጓደኞቹን ከመሞገቱ በፊት ሐሳባቸውን በአንድ መጽሐፍ አሳምሮ ጻፈው፤ መቅደም ያለበት ነውና። ያ መጽሐፍ ወደ ፈረንጆች አገር ተሻግሮ ሲተረጎም፣ ይህ ሐሳብ የኔ አይደለም፣ ኋላ አፈርሰዋለሁ የሚለው መግቢያ ከብዙዎቹ እጅ ሳይገባ ቀረ። ስለዚህ ፈረንጆቹ ለብዙ ዘመን ከሚሞግታቸው ሰዎች እንደ አንዱ ቆጠሩት። «ሰውየው መልሱን ሳይናገር መስመሩ ተነሳበት» ይሉ ነበር ጋሽ ይመር፤ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

አብሯቸው የሚስቀው አወል ነበር። አወል የጅማ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ሳቁ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ሚስቱ ሐያት ኧርቪንግ ውስጥ ባለ ነርሲንግ ሆም ሽማግሌዎችን እያጠበችና እያጎረሰች ትሠራለች። ሐኪሙ ሰው አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ሳያይ፣ ሳይሰማ፣ እጁ እጁን ሳይነካ ቢፈጠር እንኳ «እኔ አለሁ» ማለቱን ያውቃል ይላል ብለው ጋሽ ይመር ሲነግሩት አወል ትንሽ አሰበና «ሸሁ፣ ይኼ ሰውዬ ኪራይ የለበትም ማለት ነው» አላቸው። ጋሽ ይመር በአወል ይቀኑበት ነበር ብል አላጋንንም። የሚያውቁትን ሁሉ ቢሰጡት የሱን ሳቅ ይቀበሉ ነበር።

አወል ስኳር በሽታ ነበረበት። በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ይወጋል። ጾሙ ነሐሴ ላይ በገባበት ዓመት፣ ረመዳን አራት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ይመር መኪና መጣና መስኮቱ ላይ ተደገፈ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ያን ቀን ሳቁ አብሮት አልነበረም።

«ሸሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዶክተሬ ከጾምክ ስኳርህ ይወርድና ትወድቃለህ ይለኛል። አምና አልጾምኩም። ዘንድሮ ትልቁ ልጄ ሊጀምር ነው። ሶ፣ እሱ እየጾመ እኔ ኪችን ገብቼ ልብላ? ሐያት አትጹም ብላ ስትነዘንዘኝ ሰንብታ በመጨረሻ ሂድና ጋሽ ይመርን ጠይቅ፣ እሳቸው ያሉህን እቀበላለሁ አለችኝ። ማለቴ፣ የሚጥለኝ ስኳሩ ነው ወይስ አላህ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ባይጨምራት ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የጋሽ ይመር ፊት ሲበራ አየሁ። እዚያ አስፋልት ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ አንድ ሰው መምህሩና ዳኛው የተፋለሙበትን ጥያቄ ከራሱ ሕይወት አውጥቶ ጠየቃቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥጥ እሳት ውስጥ ስትጥል ይቃጠላል» አሉ። «ምን አየህ? ጥጡና እሳቱ ሲገናኙ አየህ። ቀጥሎ ጥጡ ጠቁሮ አየህ። እሳቱ አቃጠለው የሚለውን ግን በዓይንህ አላየኸውም፤ አንተ የጨመርከው ነው። ነፍስ የሌለው እሳት ምን ያደርጋል? የሚያቃጥለው ፈጣሪ ነው። ቢፈልግ ጥጡን እሳት መሃል ነጭ አድርጎ ያኖረዋል። ስኳርም እንደዚያው ነው፤ መድኃኒቱም፣ ዳቦውም። በራሱ የሚጥል የለም፤ በራሱ የሚያነሳም የለም።»

የመምህሩ ክርክር ነው። ከመምህሩ በስተቀር ማንም እንደዚያ አሳምሮ አልተናገረው ይሆናል። እኔ ደረሰኝ አውጥቼ ጥጡን መጻፍ ጀምሬ ነበር። በዚህ መሃል ሁለት አውሮፕላን ባንድ ላይ አርፎ ነው መሰለኝ ሰሌዳው ሳይጠበቅ በራ፤ የአወልም የኔም መስመር። አወል ቀና አለ። ፊቱ ተለውጧል፤ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

«ገባኝ ሸሁ። አላህ ይስጥልኝ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉት ጋሽ ይመር። «ዳኛው ምን ብሎ እንደመለሰ . . .»

አወል እጁን እያውለበለበ ሮጠ። እኔም ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ስዞር ጋሽ ይመር ራሳቸውን በመስኮቱ አውጥተው ሊጠሩት ሲሞክሩ አየሁ። መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ተገናኙ። እኔም ነበርኩ። አወል ሳቁ ተመልሷል። ያን ነገር ለሐያት ነገርኳት፣ የሷም ልብ አረፈ አላቸው። ጋሽ ይመር ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዳኛው የሚለው ሳይነገረው ራሱ ደርሶበታል፣ ላለመጾም ወስኗል ብለው ነው የተረዱት። ምን እንደገባው አልጠየቁትም። በኋላ ይህን ሲነግሩኝ «ተማሪዬ ገባኝ ሲለኝ ደስ አለኝ። ደስታዬን ላለማበላሸት አልጠየቅኩትም» አሉኝ። እኔስ? መነጽራቸው እጃቸው ላይ እንደነበረ ከኔ በቀር ያየ አልነበረም። እኔም ስለ ጥጡ የጻፍኩትን ግጥም ሳስተካክል ነበር።

ጾሙ በገባ በዘጠነኛው ቀን ሙቀቱ አስፋልቱን አለስልሶት ነበር። ሰባት ሰዓት ገደማ ሰሌዳው በራ፤ የአወል መኪና ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሞተሯ በርቷል፣ ኤሲው ይሠራል፣ አወል ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ተኝቷል። አንዱ ክላክስ ሊያደርግ ሲል ተካ ከለከለው። ጾመኛ ነው፣ ይተኛ አለው። ሎቱ ላይ የጾመኛ እንቅልፍ አይነካም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ያከብራል። በጎኑ አልፈነው ሄድን። እኔም አልፌው ሄድኩ። ከዳላስ ስመለስ አወል እዚያው ነበር። ፀሐይዋ ዞራ ፊቱ ላይ ወድቃለች። ጋሽ ይመር የራሳቸውን ብርማ ካርቶን ይዘው መጡና መጥረጊያዎቹን አንስተው ከውጭ በመስታወቱ ላይ ጋረዱለት። ካርቶኑ ባልሸፈነው በጎኑ መስታወት አጮልቀው አዩት። ያርፍ አሉኝ።

እንደማይጾም እርግጠኛ ነበሩ። ብቀሰቅሰው ውሃውን አንስቶ ሰው ፊት ይጠጣል፣ አልጾመም ተብሎ ይወራበታል ብለው ሰጉለት። ሌላው ጾመኛ ነው ብሎ ተወው፤ እሳቸው ጾመኛ አይደለም ብለው ተዉት። በርኅራኄ ነው የተውነው። ሁላችንም።

ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ሊቀሰቅሱት ሄደው መስኮት ቢያንኳኩ አልሰማም። ተካ በጎማ መፍቻ ብረት መስታወቱን ሰበረው። የአወል ሸሚዝ በላብ ተነክሮ ነበር፤ ከአፉ ጥግ አረፋ ወርዷል። አምቡላንሱ ሲወስደው ጋሽ ይመር የተሰበረው በር አጠገብ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። የት እንደሚያዩ ተከትዬ አየሁ። ኩባያ ማስቀመጫው ላይ፣ በናፕኪን የተጠቀለሉ ሦስት ቴምሮች ነበሩ። ማታ ጾሙን የሚፈታባቸው።

ለረጅም ሰዓት ስኳሩ ወርዶ ነበር። ንጋት ላይ እንደ ወትሮው መርፌውን ወግቶ ነው የጾመው። ነፍሱን አተረፉለት፤ አእምሮውን ግን አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ሰው አያውቅም፣ አይናገርም፣ በቱቦ ይመገባል አሉ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሐያት ጋሽ ይመርን ስታይ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እኔ ነኝ ያነሳኋት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ልቡን ያሳረፉለት» አለቻቸው። «ዘጠኙን ቀን እንዴት በደስታ እንደጾመ። ልጁን ይዞ። ሸሁ ፈቅደውልኛል እያለ። እኔም እርስዎ ካሉ ብዬ ዝም አልኩ። አላህ ያሰበው ሆነ፤ ግን በፈቃድ ነው የጾመው።»

ጋሽ ይመር አፋቸውን ከፈቱ። ጠበቅሁ። አፋቸው እንደተከፈተ ቆየ፤ ምንም አልወጣም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ ሄዱ።

በሳምንቱ አዲሰን ቤታቸው ሄድኩ። እንዲህ አላሉም እኮ፣ የመምህሩን ነው የተናገሩት፣ ሰሌዳው ነው ያቋረጠዎት አልኳቸው። ለሐያት ይንገሯት አልኩ። መነጽራቸውን አላወለቁም። ከዚያ በኋላም ሲያወልቁት አላየሁም።

«መምህሩ ራሱ ሕግ አዋቂ ነበር» አሉኝ። «ስኳር ያለበት ሰው መጥቶ ልጹም ወይ ቢለው፣ ባንድ ቃል አትጹም ይለው ነበር። ዳኛውም አትጹም ይለው ነበር። በዚህ እነሱ አይጣሉም። ሕመምተኛ አይጾምም፤ ክርክር የለበትም። ክርክሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አማረኝ። ሁለት ሰው ያዳምጠኝ ነበር።»

ለሐያት የማይነግሩበትን ምክንያት እንዲህ አስረዱኝ። ብነግራት ራሴን ነጻ አወጣለሁ፤ አልፈቀድኩለትም ማለቴ ነውና። እሷ ግን ባሏ በፈቃድ ጾሞ ነው የወደቀው የምትለው አንድ መጽናኛ አላት፤ ያንን ነጥቄ በምትኩ የራሴን ንጽሕና ይዤ ልሄድ? ባልነግራት ደግሞ እየዋሸኋት በየሳምንቱ ምርቃቷን እቀበላለሁ። ሁለቱንም መንገድ እስከ ጥጉ ሄጄበታለሁ አሉ፤ መውጫ የለውም። ያን ያህል ክርክር የሚያውቅ ሰው መልስ ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታክሲውን ተዉት። ሰው የማይጠይቅበት ሥራ ብለው ፎርት ወርዝ መጋዘን ገቡ። ሰው ሲያነጋግራቸው አዎ ወይም አይደለም ብለው ብቻ ይመልሳሉ። አወልን ሐያት የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም አስገቡት። መጀመሪያ ሎቱ በሙሉ ይጠይቀው ነበር፤ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በበዓል፣ ከዚያ ቀረ። እኔም ቀረሁ። ጋሽ ይመር ግን ዐርብ ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት አውቶቡስና ባቡር ቀይረው ይሄዱ ነበር። አንድ ዐርብ አብሬያቸው ሄጃለሁ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ወደ አወል ጆሮ ጠጋ አሉና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው ለረጅም ጊዜ በለሆሳስ አነበቡ። የአወል ዓይን ጣሪያው ላይ ነበር። ስንወጣ ባቡር ፌርማታው ላይ፣ ሐኪሙ ያለው ሰው፣ አየር ላይ የተንሳፈፈው፣ እንዲህ ይሆን እንዴ አሉኝ። አለሁ ይል ይሆን? አላውቅም አልኳቸው። እኔም አላውቅም አሉ። ስለ ሊቃውንቱ የነገሩኝ የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

የቀበሯቸው የመስጊዱ ሰዎች ናቸው። ተካና እኔ ራቅ ብለን ቆመን ነበር። በማግስቱ ዐርብ ነበር፤ ከረጢቱን ይዤ ለሐያት ልነግራት ነርሲንግ ሆሙ ሄድኩ። ፈረቃዋ ላይ ነበረች። ስነግራት የያዘችውን ፎጣ አጣጥፋ ጨረሰችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

ደብተሩን አወጣሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በዐረብኛ ተጽፏል፤ ጥቅጥቅ ባለ፣ በሚያምር እጅ። እኔ አላነበውም። ግን በየገጹ አናት፣ ከዐረብኛው በላይ፣ በአማርኛ አንድ መስመር አለ፤ በሁሉም ገጽ ያው አንድ መስመር። አንብቤ ደብተሩን ልዘጋው ስል ሐያት እጇን ዘረጋች። ልደብቃት አልቻልኩም። አየችው።

እትዬ ሐያት፣ እኔ ሁሉም ሲሆን ነበርኩ፣ ልንገርሽ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «በሁለተኛው ወር ነው የሰማሁት። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አወል ጆሮ ውስጥ ይህን ሲሉት ሰማኋቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

ፎጣውን ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው።

«መጀመሪያ ጠላኋቸው። በየሳምንቱ እየመረቅኳቸው እጠላቸው ነበር። ወደ እሳቸው የላክሁት እኔ መሆኔ ደግሞ አለ። ከዚያ ሁሉም ቀረ። የራሱ ወንድም ቀረ። አንተም ቀረህ። ማወቄን ቢያውቁ አፍረው ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ዐርብ ሲሆን የሚመጣለት ሌላ ማን ነበረው?»

ካርቶኑን ከከረጢቱ አወጣች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አወቀችው። ከምዕራብ በኩል የገባው ፀሐይ የአወል ፊት ላይ ነበር። ላስቲኩን ፈታች፣ ዘረጋችው፣ መስኮቱ ላይ አስደገፈችው። ክፍሉ ጨለም አለ።

«ሰዓቱ ነው» አለችኝ። «በዚህ ሰዓት ነው የሚሉት። በልለት።»

የጋሽ ይመር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አወል ጆሮ ጠጋ አልኩ፤ የሳሙና ሽታ አለው፣ ሐያት በየቀኑ ታጥበዋለች። ከገጹ አናት ላይ ያለውን መስመር አነበብኩለት።

«አወል፣ አትጹም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።»

ከዚያ በታች ያለውን ማንበብ ስለማልችል ዝም አልኩ። ሐያት ተነስታ ማሽኑን ከፈተች፤ ምግቡ በቱቦው ቀስ እያለ ይወርድለት ጀመር።